ከሰባት ሳምንት በኋላ ወደ ሞርፊን መመለስ፦ የድሮው መጠን ለምን ይከለከላል?

የኮዬዋ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከኮዬ ፈጬ ነው። አባቴ የ71 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ የፕሮስቴት ካንሰራቸው ወደ ዳሌና ወደ አከርካሪ አጥንታቸው ከተሠራጨ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አምና ሕመሙ ሲበረታባቸው ሐኪማቸው የሚጠጣ ሞርፊን አዘዙላቸው። በየአራት ሰዓቱ በ5 ሚሊግራም ጀምረው በሰባት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ 30 ሚሊግራም ደረሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቺ 5 ሚሊግራም ቀኑን ሙሉ ታንገላጃቸው ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግን 30ውን ወስደው ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጡ ሲጫወቱ ያየ ሰው መድኃኒት ላይ መሆናቸውን እንኳ አይጠረጥርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዳሌያቸው ላይ የጨረር ሕክምና ተደረገላቸውና ሕመሙ በጣም ቀለለ። ሐኪማቸው መጠኑን በየሳምንቱ እያስቀነሱ በመጨረሻ አስቆሟቸው። አባቴም «ተመስገን፣ ከእንግዲህ ጸበሌን ልጠመቅ» ብለው እንጦጦ ወጡና አምስት ሳምንት ተቀመጡ። ሞርፊን ከቀመሱ በጠቅላላው ሰባት ሳምንት ሆኗቸዋል። ባለፈው እሑድ ወደ እኔ ቤት ሲመጡ ግን ሕመሙ አሁን ወገባቸው ላይ ተነሥቷል፤ ሌሊት ሌሊት ጥርሳቸውን ነክሰው ድምፃቸውን ሲያፍኑ እሰማለሁ፤ እንዳልሰማ ብለው ነው።

በቁም ሣጥኑ ውስጥ የተረፈ ጠርሙስ አለ። ነርሷ በነጭ ፕላስተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችው የመጨረሻው መጠን እስካሁን አልተላጠም። አባቴ «ልኬን አውቀዋለሁ፤ እዚያ የተጻፈውን ስጪኝ» ይላሉ። ቀጠሯቸው ሐሙስ ነው። በስልክ ያገኘኋት የክትትል ነርስ «የድሮውን እንዳትሰጪ፤ እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው» ካለችኝ በኋላ በሽተኛ ስለ መጣባት ስልኩን ዘጋች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሰውነታቸው የለመደውን ነገር እንደ ጀማሪ ቆጥሮ በጠብታ መስጠት ሽማግሌን ማሰቃየት ነው ብሎ ከእኔ ጋር ተጣልቷል። እኔም በእውነት አልገባኝም። ሰውነት ለሰባት ወር የለመደውን በሰባት ሳምንት እንዴት ይረሳል? እንደ አዲስ ከጀመሩስ፣ ወደሚያሽላቸው መጠን ለመድረስ እንደገና ሰባት ወር ሊቆዩ ነው?

ነርስ ከገላን፦

እህቴ፣ በቅድሚያ ዛሬ ማታ 30 ሚሊግራሙን አይስጧቸው። በማስታገሻ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስለምሠራ እንዲህ ያለ ጠርሙስ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ስንት እንዳለ አውቃለሁ። ሞርፊን ላልለመደ አዛውንት በአፍ የሚጀመርበት መጠን ብዙውን ጊዜ 2.5 ወይም 5 ሚሊግራም ነው፤ አባትዎም ዛሬ የሚቆጠሩት ከእነዚያ ጋር ነው። 30 ሚሊግራም ማለት ባለፈው ዓመት በመጀመሪያው ቀን ካንገላጃቸው መጠን ስድስት እጥፍ ማለት ነው፤ ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽን ያዳክማል።

ጠርሙሱን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የሞርፊን ሽሮፕ በተለያየ ጥንካሬ ስለሚዘጋጅ፣ በፕላስተሩ ላይ ያለው ቁጥር ሚሊግራም ይሁን ሚሊሊትር ሳይለይ መቅዳት ሰውን ይገድላል። ሁለተኛ፣ ከተከፈተ ብዙ ወራት ያለፈው ሽሮፕ መልሶ ለፋርማሲው ይሰጣል እንጂ አይጠጣም። ፕላስተሩን ዛሬውኑ ይላጡት፤ ጠርሙሱንም አባትዎ ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት፤ በሌሊት ሕመም ሲጠና ሰው ተነሥቶ ራሱ ይቀዳልና።

እስከ ሐሙስ አይጠብቁ። ነገ ጠዋት ወደ ሕክምና ክፍሉ ደውለው ሕመሙ በአዲስ ቦታ መነሣቱን ይንገሩ። ወደ አከርካሪው የተሠራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው አዲስ የወገብ ሕመም ሲሰማው፣ በተለይም እግሩ ከደከመ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ ያው ቀን መታየት አለበት። ሽንታቸው ቀንሶ እንደ ሆነም ይንገሩ፤ ኩላሊት ከደከመ ሞርፊን በሰውነት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ የሚቀሩት ቅሪቶች በደም ውስጥ ይከማቻሉ፤ ያኔ ትንሹም መጠን ይበዛል።

የፋርማኮሎጂ መምህር፦

ነርሷ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው። ወንድምዎ ግን «ለምን» ብሎ የጠየቀው ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ በመሆኑ፣ የሚያሳምን መልስ ይገባዋል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይፈቀድልኝ።

ብዙ ሰው፣ ተማሪዎቼም ጭምር፣ መድኃኒትን መላመድ የእጅ መዳፍ በሥራ ብዛት እንደሚሻክረው ያለ ነገር ይመስላቸዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ወንድምዎ ልክ ነበር፤ የሻከረ መዳፍ በሰባት ሳምንት አይለሰልስምና። መላመድ ግን ሰውነት በየሰዓቱ የሚሠራው ሥራ ነው። አንድ ሰው በርን ከውጭ ሲገፋ፣ ሌላው ከውስጥ ሆኖ መልሶ ሲገፋ ያስቡ። የውጩ ሞርፊን ነው፤ የውስጡ ሰውነት ነው። የውጩ በየዕለቱ ኃይል ሲጨምር የውስጡም ይጨምራል፤ በሩ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ለተመልካች ምንም ነገር ያለ አይመስልም። አባትዎ 30 ሚሊግራም ወስደው ከጎረቤት ጋር ቡና ይጠጡ የነበረው በዚህ ዓይነት ነው። መድኃኒቱ አልደከመም፤ ከውስጥ የሚገፋው ጠንክሮ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞርፊን በአንጎል፣ በኅብለ ሰረሰርና በአንጀት ውስጥ ባሉ ሚዩ በሚባሉ ተቀባዮች፣ ማለትም በሕዋስ ላይ ሆነው መልእክት በሚቀበሉ ፕሮቲኖች፣ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያሉ ተቀባዮች መኖራቸው በቤተ ሙከራ የታየው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ በ1975 ደግሞ ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸውን ኤንኬፋሊን የተባሉ ሕመም አስታጋሾች አገኙ። ተቀባዮቹ የተሠሩት ለእነዚህ ለራሳችን ነው፤ ሞርፊን የመጣው በሰው በር ነው። ተቀባዩ ሳያርፍ ሲነካካ ሕዋሱ በፎስፌት ምልክት ያደርግበታል፤ አሬስቲን የተባለ ፕሮቲን ይለጠፍበትና መልእክት ማስተላለፉን ይቀንሳል። ይህ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ጠለቅ ያለው ለውጥ የሚመጣው ግን በቀናትና በሳምንታት ነው፤ ሞርፊን በሕዋሱ ውስጥ የሚያዳክመውን ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ሕዋሱ በብዛት ማምረት ይጀምራል። በአንጎል ግንድ ላይ ያለችው ሎከስ ሴሩሊየስ፣ የንቃትንና የድንጋጤን ኬሚካል የምትረጨው ትንሽ ቦታ፣ እንዲህ ነው ሞርፊንን እየተቃወመች ሥራዋን የምትቀጥለው።

አሁን የውጩ ሰው በድንገት መግፋቱን ይተው። የውስጡ በሙሉ ኃይሉ እየገፋ ስለሆነ በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ ይወድቃል። ላቡ፣ ማዛጋቱ፣ የሰውነት መውረሩ፣ ተቅማጡና እንቅልፍ ማጣቱ ይኸው ውድቀት ነው። በሞርፊን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠን በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ ይበርዳል። ሐኪማቸው መጠኑን ደረጃ በደረጃ ያስቀነሷቸው የውስጡም ቀስ ብሎ እንዲለቅ ነው፤ ለዚህ ነው አባትዎ ያን ሥቃይ ያላዩት።

ወንድምዎ እንዲያስተውለው የምለምነው ይህን ነው፦ ያ ሁሉ ምልክት መብረዱ፣ ሰውዬው «ዳንሁ» ማለቱ፣ ከውስጥ የሚገፋው ሰው ሥራውን ትቶ ወደ ቤቱ መሄዱን የሚያበስር ነው። ያስጨነቀውና ይጠብቀው የነበረው አንድ ነገር ነው። ስለዚህ ሰውዬው በጣም ደኅና በሚሰማው በዚያው ጊዜ ለድሮው መጠን በጣም የተጋለጠ ይሆናል። የትዝታው ልክ 30 ነው፤ የትንፋሹ ልክ ግን ወደ 5 ወርዷል፤ መውረዱንም የሚያስታውቅ አንዳች ስሜት የለም። አባትዎ ሰባት ሳምንት ቀርቶ ሁለት ሳምንት ብቻ ቢቆዩ እንኳ ያንኑ እላለሁ።

ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ከእስር ቤት የተፈቱ ሰዎችን የተከታተለ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ ከተፈቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት በመድኃኒትና በአደንዛዥ ዕፅ መብዛት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 129 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት በእስር ላይ ሳሉ ከሚወስዱት ተለይተው፣ ሲፈቱ በትዝታቸው ልክ መለካታቸው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ደግሞ መልካም ዜና አለው። መላመድ ሲመለስ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይመለሳል። ኮቺንና ኮርኔትስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ሥራ፣ ሞርፊን ቀምሰው የተዉ አይጦች ከብዙ ወራት በኋላም ቢሆን ፈጽሞ እንዳልቀመሱት እንደማይሆኑ አሳይተዋል፤ ሰውነት አንድ ጊዜ የሠራውን ሥራ ዱካ ያስቀምጣል። ያ ዱካ ግን ለመጀመሪያው ምሽት ትንፋሽ ዋስትና አይሆንም። ሐኪሙ በትንሹ ጀምረው በየአንድ ሁለት ቀኑ፣ ሕመሙ ካልታገሠ፣ ከሠላሳ እስከ ሃምሳ በመቶ ያህል እየጨመሩ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ነገሩ የወራት ሳይሆን የቀናት ሊሆን ይችላል። ደግሞም አምና ከ5 ወደ 30 የወጡት በመላመድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ በካንሰር ሕመምተኛ ላይ መጠን የሚጨምርበት ዋና ምክንያት ብዙ ጊዜ በሽታው ራሱ መስፋቱ ነው። ጨረሩ ያንን ክፍል አቅልሎት ከሆነ፣ አሁን የሚበቃቸው ከ30 በታች ሊሆን ይችላል።

አስታማሚ ከሱሉልታ፦

እናቴን በዚሁ በሽታ አስታምሜ ቀብሬያለሁና የእህታችን ጭንቀት ይገባኛል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከሞርፊን በሰላም የተላቀቁ ሰው ለምን ወደዚያው ይመለሳሉ? በ71 ዓመታቸው ሱሰኛ ሊሆኑ ነው? ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ትራማዶል፣ ቢሰጣቸው አይሻልም? እሱ እኮ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ተራ ማስታገሻ ነው። ጸበሉም እንዳይቋረጥባቸው እለምናለሁ።

የሰበታው፦

ትራማዶል ተራ ነገር ነው የሚለው አባባል እኔን ሊገድለኝ ስለነበረ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ሕንፃ ሥራ ላይ ከመወጣጫ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። የታዘዘልኝ ለሁለት ሳምንት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሰፈራችን ካለ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ መግዛት ቀጠልኩ፤ ማንም «ለምን» ብሎ አልጠየቀኝም። በ50 ሚሊግራሟ አንድ ፍሬ ጀምሬ በዓመቱ በአንድ ጊዜ ስምንት እውጥ ነበር። ስምንቱን ውጬ ብሎኬት እሸከማለሁ፣ ከሰው ጋር አወራለሁ፣ ማንም አያውቅብኝም። መምህሩ የጻፉትን የበሩን ነገር ሳነብ ራሴን አየሁት።

ለመስቀል አገር ቤት፣ ጉራጌ፣ ገባሁ፤ ፍሬዎቹንም ሆን ብዬ አልያዝኩም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ላብ አጠመቀኝ፣ እግሬ በሌሊት አላርፍ ብሎ ፍራሹን ይረግጥ ነበር፤ እናቴ ወባ መስሏት በእርጥብ ጨርቅ ግንባሬን እየጠረገች አደረች። ያን ሌሊት እጇ ላይ ያለው የክትፎ ቅቤ ሽታ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም፤ በዓሉን ትታ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነበርና። በሳምንቱ መብላት ጀመርኩ፣ በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ሰው ሆኜ ተመለስኩ። ሰበታ በገባሁበት ማታ ቁርጭምጭሚቴ ከመንገዱ ብዛት አበጠ። የእኔ ልክ ስምንት ነው፤ ስምንት ዋጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረኝ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ነው። መጀመሪያ ከባድ ማንኮራፋት ሰምቶ «ደክሞት ነው» ብሎ ተወኝ። ቆይቶ ሰውነቴ ሲንቀጠቀጥና ራሴ ከግድግዳው ጋር ሲላተም ሰምቶ ተነሣ፤ ከንፈሬ ጠቁሯል። ባጃጅ ለምኖ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ላኩኝ። ሐኪሙ በኋላ «ያው መጠን ነው፣ አንተ ግን ያው ሰው አይደለህም» አለኝ። አሁን በሕክምና እየተረዳሁ ከተላቀቅሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። እህቴ፣ ወንድምሽ ይህን ያንብበው፤ እንደ እሱ የማስብ ሰው ነበርኩ።

የፋርማኮሎጂ መምህር፦

ወንድሜ፣ ስለ ነገሩን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጓደኛዎ የሰሙት ማንኮራፋት ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ምልክት ነው። በዚህ ዓይነት መድኃኒት የተያዘ ሰው ትንፋሹ ሲደክም ጉሮሮው ላልቶ እንደዚያ ያንኮራፋል፤ ቤተሰብም እንቅልፍ ወሰደው ብሎ መብራት ያጠፋለታል። መንቀጥቀጡ ደግሞ የትራማዶል ጠባይ ነው፤ ይህ መድኃኒት የሚዩ ተቀባዮችን ከመንካቱ በተጨማሪ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉ የአንጎል ኬሚካሎችንም ስለሚያናውጥ ሲበዛ የሚጥል በሽታ የመሰለ ነገር ያመጣል። የቀን ጣሪያው 400 ሚሊግራም ነው፤ እርስዎ ያንን በአንድ ጉርሻ ይውጡት ነበር።

ለሱሉልታዋ እህታችን በአክብሮት ልመልስ። ትራማዶልና ኮዴይን የተባለው ሌላ ማስታገሻ በእኛ አገር ከሌላው ዓለም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሹበት ምክንያት አለ። ሁለቱም ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት ጉበት ውስጥ ሲፕ ቱዲሲክስ በተባለ ኤንዛይም ከተለወጡ በኋላ ነው፤ ኮዴይን የሚለወጠው ወደ ራሱ ወደ ሞርፊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን ኤንዛይም የሚያሠራው ዘረመል (ጂን) ተደጋግሞ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን በፍጥነትና በብዛት ይለውጠዋል። ከዚያው ከአንድ ፓኬት ሁለት ወንድማማቾች እኩል ቢውጡ፣ አንዱ ምንም ሳይሰማው ሌላው ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል። ሞርፊን ግን ይህን ኤንዛይም አይጠብቅም፤ ስለዚህ መጠኑ በትክክል ከተለካ ይበልጥ የሚገመት መድኃኒት ነው። «ጠንካራ» የሚለው ስም ሰውን ያስፈራዋል፤ እኔ የምፈራው ግን ማንም ሳይለካው የሚዋጠውን ነው።

ስለ ሱስም ሦስት ነገሮች እየተቀላቀሉብን ነው። መላመድ ማለት ያው መጠን ያነሰ ሥራ ሲሠራ ነው። ጥገኝነት ማለት መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሰውነት መታወኩ ነው፤ ቡና የለመደች እናት በጠዋት ሳትጠጣ ስትቀር ራሷን የሚያማት በዚሁ መንገድ ነው፤ ማንም ግን ሱሰኛ ብሎ አይሰድባትም። ሱስ ማለት ጉዳቱ እየታየ፣ ቤትና ሥራ እየፈረሰ፣ ሰው ከፍላጎቱ ጋር እየታገለ መፈለጉን ማቆም ሲያቅተው ነው። የእህታችን አባት ሐኪም ቀንስ ሲላቸው ቀንሰዋል፣ ተው ሲላቸው ትተዋል። ይህ የሱሰኛ ታሪክ አይደለም። በጥርሳቸው የሚነክሱት ሕመም ሊታከምላቸው ይገባል። ጸበላቸውንም በመድኃኒቱ ምክንያት የሚያቋርጡበት ነገር የለም።

የኮዬዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰበታውን ወንድሜን ጽሑፍ ለታናሽ ወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ዝም ብሎ ሰማና ጠርሙሱን ከቁም ሣጥኑ አውርዶ እሱ ራሱ በቦርሳው ያዘው። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ለነገ ጠርተውናል።

አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። አባቴ አምና መድኃኒቱን የሚወስዱት በራሳቸው ቤት፣ በጨለማው መኝታ ክፍል፣ ከማታ ጸሎት በኋላ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አሁን እኔ ዘንድ ሳሎን ውስጥ ነው የሚተኙት፤ ልጆች አሉ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ መብራት አለ። የቦታው መለወጥ ለውጥ ያመጣ ይሆን? ጥያቄዬ ሞኝነት ከሆነ ይቅርታ።

የፋርማኮሎጂ መምህር፦

ሞኝነት የለበትም፤ በዚህ ርዕስ ላይ ከሚጠየቁት ሁሉ ጥልቁን ነው የጠየቁት።

በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲው ሸፐርድ ሲገል እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት ሙከራ አለ። አይጦች በአንድ በታወቀ ክፍል ውስጥ ሄሮይን እየተወጉ ለመዱት። በመጨረሻ ከባድ መጠን ሲሰጣቸው፣ ከዚህ በፊት ሄሮይን ካልቀመሱት አይጦች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ 96 በመቶው ሞቱ፤ በለመዱበት ክፍል ከተወጉት 32 በመቶ፤ የለመዱ ሆነው በሌላ ክፍል ከተወጉት ግን 64 በመቶ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ የለመዱበት ዘመንም ያው ነው፤ የተለወጠው ክፍሉ ነው። አንጎል በሩን ለመግፋት የሚዘጋጀው መድኃኒቱ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው፦ የሲሪንጁ መታየት፣ የክፍሉ ሽታ፣ ሰዓቱ፣ ምናልባትም የጸሎቱ ማብቂያ «እየመጣ ነው» ይሉታል። ውሻ ምግቡ ሳይመጣ ምልክቱን ብቻ አውቆ ምራቁን እንደሚያዝረበርብ ፓቭሎቭ የተባለው ተመራማሪ ካሳየው ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት ነው።

ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረባው ጋር ያቀረበው አንድ የሰው ታሪክ ከእርስዎ ቤት ጋር በጣም ይመሳሰላል። አንድ የቆሽት ካንሰር ሕመምተኛ በቤቱ፣ በጨለመ መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ልጁ በየስድስት ሰዓቱ ሞርፊን ይወጋው ነበር። አንድ ቀን ሕመምተኛው ከአልጋው ወጥቶ ብርሃን ባለበት ሳሎን ሳለ ልጁ የተለመደውን መጠን ሰጠው። የመድኃኒት መብዛት ምልክት ታየበትና ሞተ። በአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ሕግ አይወጣም፤ እኔ ግን ይህን ካነበብኩበት ቀን ጀምሮ ለአስታማሚዎች ሁሉ እነግራለሁ፤ ቦታና ሰዓት ሲለወጥ በተለይ ይጠንቀቁ። ለአባትዎ ደግሞ ሁለቱ አንድ ላይ መጥተዋል፦ ሰባት ሳምንት ዕረፍትና አዲስ ክፍል።

ነርስ ከገላን፦

እኔም በመጨረሻ ተግባራዊውን ልጨምር። መጀመሪያ በሚሰጣቸው ቀን ሰው ከአጠገባቸው ይሁን። የሚጠጣው ሞርፊን ሥራውን በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጀምርና በአንድ ሰዓት አካባቢ ይበረታል፤ «አልሠራም» ብለው በሃያ ደቂቃ አይድገሙ። በሚለካው ሲሪንጅ እንጂ በሻይ ማንኪያ አይቀዱ። ሲተኙ ስማቸውን ጠርተው ይቀስቅሷቸው፤ ዓይናቸውን ከገለጡና ከመለሱ መልካም ነው። ትንፋሻቸውን በስልክዎ ሰዓት ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ8 በታች ከወረደ፣ ወይም ሲጠሩ የማይነቁ ሆነው ብሌናቸው እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ በጎናቸው አስተኝተው ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥሩ፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ሆስፒታል ናሎክሶን የተባለውን ማርከሻ ይሰጣቸዋል፤ ከነቁም በኋላ ግን ቶሎ ወደ ቤት አይውሰዷቸው፤ ማርከሻው ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ሊያልቅ፣ ሞርፊኑ ግን ሊቆይ ይችላል።

አረቄም ሆነ የእንቅልፍ ኪኒን ከዚህ ጋር አይደባለቅ። የሆድ ማለስለሻውንም ከመጀመሪያው ቀን ያስጀምሯቸው፤ ሰውነት የሞርፊንን ማቅለሽለሽና ማንገላጀት በቀናት ውስጥ ይለምዳል፣ ድርቀቱን ግን አይለምደውም።

የኮዬዋ ልጅ፦

ለሚከታተሉት ሁሉ የደረስንበትን ልጻፍ። ሐሙስ ሳይደርስ ረቡዕ ታዩ። እግራቸው አልደከመም፤ የኩላሊት ምርመራቸው ትንሽ ከፍ ማለቱ ታየና ሐኪሙ በ2.5 ሚሊግራም አስጀመሯቸው፤ ለወገባቸውም ሌላ የጨረር ቀጠሮ ተያዘ። የድሮውን ጠርሙስ ወንድሜ ለፋርማሲው መለሰ።

የመጀመሪያውን ማታ ልጆቹን ጎረቤት አሳደርኳቸው፤ ሳሎኑንም እንደ እሳቸው ቤት አጨለምነው። አባቴ ሲሪንጁን አይተው «ይህቺ ምን ታደርጋለች» አሉ። በሃምሳ ደቂቃው ንግግራቸው ተጎተተና ትራሱ ላይ አዘነበሉ፤ ያቺው አምና በመጀመሪያው ቀን ያየሁት ፊት ነበር። ወንድሜ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ በስልኩ መብራት ደረታቸውን እያየ ይቆጥር ነበር። ዐሥራ ሦስት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ዐሥራ ሁለት። በሦስተኛው ቀን 5 ሚሊግራም አደረጉላቸው፤ ትናንት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው አድረው ጠዋት ቡና ጠየቁኝ። ወንድሜ አሁንም በየማታው ይቆጥራል፤ ቁጥሮቹን ያ ፕላስተር እንደ ተጻፈበት ባለ ቀይ እስክሪብቶ በደብተር ላይ ይጽፋቸዋል።